የምት መዛባት
ምት የልብ ነው፣ የከበሮ ነው፣ የሰዓትም ነው። በቦሌና በገርጂ ቤቶች መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የአባት የእጅ ሰዓት ካለ ሞልተው ወደ ጆሮ ያስጠጉት። ቀጭታዎቹ እኩል ካልተራራቁ ምቱ ተዛብቷል። ልዩነቱ የሚለካው በሚሊ ሰከንድ ነው፤ በሰዓት 18,000 ጊዜ ለሚመታ አሮጌ ሰዓት ከ1 በታች ቢሆን ደህና ነው እላለሁ።

ብዙዎች ይህን ከመቅደምና ከመዘግየት ጋር ያደባልቁታል። ምቱ የተዛባ ሰዓት ጊዜውን ሊጠብቅ ይችላል፤ ከቆመ በኋላ ግን ቢሞላም ካልነቀነቁት ላይነሳ ይችላል። ምክንያቱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ ሲያርፍ መሀል ላይ አለመቆሙ ነው። ጠጋኙ እንደ ፀጉር የቀጠነውን ጥምዝ ሽቦ የያዘችውን ቀለበት በጎማው ዘንግ ላይ በጥቂቱ ያዞራል። በአዳዲሶቹ የሽቦውን ጫፍ የያዘውን ክንድ መግፋት ይበቃል፤ በአሮጌዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ጎማውን ማውጣት ግድ ነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ ሽቦው ይጣመማል፤ ስለዚህ ለሥራው የሚጠየቀው ዋጋ በዛ አይባልም።