«ላይክ» ድሮ እንደ አማርኛ ነበር

ተማሪዎቻችን «ሻይ ደስ ይለኛል» ለማለት አስበው «ቲ ላይክስ ሚ» ብለው ይጽፋሉ። ክፍሉ ይስቃል፣ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። አንዳንዱ ልጅ ከዚያ ወዲያ እጁን አያወጣም። የቃሉን ታሪክ ያየ መምህር ግን ለመሳቅ አይቸኩልም።

ኖርማኖች እንግሊዝን ከመውረራቸው፣ ማለትም ከ1066 እ.ኤ.አ. በፊት፣ ግሡ «ሊኪያን» ነበር። ትርጉሙም «ደስ ማሰኘት» ነው። ደስ የሚያሰኘው ነገር ባለቤት ይሆናል፣ ደስ የሚለው ሰው ደግሞ ተሳቢ። ልክ እንደኛው! «ልጅቷ ደስ ትለኛለች» ስንል ባለቤቷ ልጅቷ ናት፤ እኛ በ«ኝ» ብቻ ነው ያለነው።

ታዲያ ምን ለወጠው? በጥንቱ እንግሊዝኛ ባለቤትና ተሳቢ የሚለዩት በቃሉ መጨረሻ ላይ ባለ ቅጥያ ነበር፤ የኛን «ን» ማሰብ ይቻላል። ቅጥያዎቹ እየተሸረሸሩ ሲጠፉ ሥራው ለቃሉ ቦታ ተሰጠ፤ ከግሡ በፊት የቆመ ሁሉ ባለቤት ተባለ። ሰውየውን አስቀድሞ መጥራት የተለመደ ስለነበር፣ ሰውየው ሳይታሰብ ባለቤት ሆኖ ቁጭ አለ። ነገርየው ባንድ ጀንበር አልሆነም። በ1400 የሞተው ቾሰር በአሮጌው መንገድ ጽፏል፣ ሼክስፒር (1564–1616) ደግሞ ሁለቱንም ተጠቅሟል። የድሮውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው ከፈረንሳይኛ የመጣው «ፕሊዝ» ነው፤ ያ በየቀኑ ስንለምን የምንጠራው ቃል።

በ«ላይክ» ቢሳሳቱ ጉዳቱ ሳቅ ነው። በ«ሚስ» ግን እንደዚያ አይደለም። ይህ ግሥ መነሻው «መሳት» ነው፣ ዒላማ እንደመሳት፤ የናፍቆት ትርጉሙ ኋላ የመጣ ነው። በአማርኛ «እናቴ ናፈቀችኝ» ስንል ባለቤቷ እናት ናት፣ ናፋቂዎቹ ግን እኛ ነን። ተማሪው ቃል በቃል ገልብጦ «ማይ ማዘር ሚስስ ሚ» ይላል። ይህ ቤተሰብ ለማፈላለግ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ቢገኝስ? አንባቢው እናትየው በሕይወት አሉ፣ ለልጃቸውም ናፍቆታቸውን ልከዋል ብሎ ይረዳል። ልጁ ግን የት እንዳሉ እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ መምህራን፣ ከመሰረዛችሁ በፊት «ማን ነው የናፈቀው?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት። ከዚያ ስሙን ሰሌዳው ላይ ከግሡ በፊት ራሱ ይጻፈው።