አራስ ቤት ማን ያበስል ነበር?

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አዲስ አበባ ኪራይ ቤት ነው የምትኖረው፤ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። እናቷ ስማዳ ናቸው፣ መምጣት አልቻሉም። ባሏ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። «ቲቸር፣ ልጁ ከጡቴ አይወርድም። ቶሎ የሚደርስ፣ ሆድ የሚይዝ፣ ወተት የሚያመጣ ምግብ እስኪ ይንገሩኝ» ነው ያለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፤ ከታች ለእናንተም እጽፈዋለሁ። ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አራስ ምን ትበላለች የሚለው እኛ አገር ብዙ ይወራበታል። ማን ያበስልላታል የሚለውን ግን እንደ ታሪክ አንስቶ የጻፈ ብዙ ሰው አላየሁም። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን አፍሉና አንብቡት።

መጀመሪያ ቋንቋውን እንየው። «እናቴ ናት ያረሰችኝ» እንላለን። አራስን መንከባከብ የራሱ ግስ አለው፣ ማረስ ይባላል። የግሱ ባለቤት ደግሞ የወለደችዋ ሴት አይደለችም፤ ሌላ ሰው ነው። እናት፣ አማት፣ እህት፣ ወይ ጎረቤት። አራስ የሚታረስላት እንጂ ራሷን የምታርስ ሰው በቋንቋችን ውስጥ የለችም። ተማሪዬ የጠየቀችኝ ሲተረጎም «ራሴን እንዴት ልረስ» ነው።

አሁን ወደ ጋይንት ልውሰዳችሁ። ንፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ይናገራል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች፣ ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ ሐምሌና ኅዳር የማይል ከተማ ናት። የገብስ አገር ነው። የአራስ ምግብ ታሪክም በአብዛኛው የገብስ ታሪክ ነው።

የድሮዎቹ እናቶቻችን የአራስ ምግብ የሚጀምሩት ልጅ ሲወለድ አይደለም። ሆድ ገፍቶ ሲታይ ነው። ገብሱ ይለቀማል፣ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ይህ ሁሉ በሙቀጫና በድንጋይ ወፍጮ ነበር፤ የስንት ቀን የክንድ ጉልበት እንደሚበላ የፈጨች ታውቀዋለች። ከዚያ የገንፎው ዱቄት ለብቻ፣ በሶው ለብቻ፣ የአጥሚቱ ለብቻ ይቀመጣል። ቅቤ ይጠራቀማል፣ ይነጠራል። ማር ያለው ማር፣ አብሽ፣ ተልባ ይዘጋጃል። ምጥ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ሥራ ውኃ ማፍላት ብቻ ይሆናል። ዛሬ ቶሎ የሚደርስ ምግብ ስንል ከሱቅ በፌስታል የሚመጣ ይመስለናል። የእነሱ ግን ድካሙ አስቀድሞ ያለቀ ምግብ ነበር።

ሌላ የምገረምበት ነገር አለ። እነዚህ ምግቦች ሁሉ በአንድ እጅ ይበላሉ። ልጅ በግራ ክንድሽ ተኝቶ እየጠባ ገንፎ በቀኝ እጅሽ ቆርሰሽ መሀሉ ላይ ካለው ቅቤና በርበሬ ማጥቀስ ትችያለሽ። አጥሚት በኩባያ ይጠጣል። በሶ በቅቤ ወይም በማር ከታሸ ጭብጦ ነው፣ እንደ ዳቦ ተይዞ ይገመጣል። ግን ገንፎ ሲገነፋ ሁለት እጅና ጉልበት ይፈልጋል። ዱቄቱ እንዳይቋጠር ማማሰያውን ሁለት እጅ ይዞ፣ አንዳንዴም ድስቱን በእግር ደግፎ ነው የሚታሸው። ትናንት የወለደች ሴት ይህን አትችልም። ስለዚህ ገንፎ የሚበላው በአንድ እጅ፣ የሚሠራው በሁለት እጅ ነው፤ ሁለቱ እጆች ደግሞ የሌላ ሴት ናቸው።

ሴቶቹ ልጅ ተወልዶ እልል ሲሉ (በብዙ ቦታ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው፣ ቁጥሩ ከቀዬ ቀዬ ይለያያል)፣ የማርያምን ገንፎ አብረው ሲበሉ፣ በዚያው ማን በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ይነጋገራሉ። አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም። አንዷ ዱቄት፣ አንዷ እንቁላል፣ አንዷ ቅቤ ትይዛለች፤ የሌላት እንጨት ሰብራ ውኃ ቀድታ ትሄዳለች።

ጊዜውም ተቆርጦ የተሰጠ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሳለች፤ እስከዚያ እናቲቱ ቤት ናት፣ ከጾምም ነጻ ናት። የቀኑ መሠረት ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይ አለ። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ብሎ ምክንያት ያበጅለታል። ሴት ልጅ እልልታ ይቀነስባታል፣ ግን ለእናቷ 40 ቀን ተጨማሪ ቅቤ ታስገኝላታለች። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሴቶቹ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይስቃሉ።

እዚህ ላይ ግን «ድሮ ቀረ» ብሎ ማልቀስ አይመቸኝም። ይህ ወግ ላለው ቤት ነበር። ገረድ ሆና የወለደች፣ ወይ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት አርባ ቀን ቀርቶ አንድ ሳምንትም አልተኛችም። ብዙዎቹ አራሶች ደግሞ ራሳቸው ልጆች ነበሩ፣ ገና በልጅነታቸው የተዳሩ። አዋቂ በምንላቸው እጅ የሚደረግ ጉዳትም ነበር። እንገሩን፣ ያንን የመጀመሪያ ቢጫ ወተት፣ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ማለብና መድፋት፤ ለተወለደው ሕፃን ጡት ሳይቀምስ ቅቤ ማላስ። ዛሬ እንገር ለሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያው እንደሆነ፣ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ውኃም እንደማያስፈልገው እናውቃለን። ለእናትየው ከብልሃት ሁሉ የተራቀቀው ወግ ለሕፃኑ በዚህ በኩል አላወቀበትም።

ዘመናዊው ሳይንስ ሲመጣ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሕፃኑን አይቶ እናትየዋን ዘነጋ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አዲስ አበባ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። እዚያ ነው ፋፋ የተወለደው። ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ቫይታሚን ተቀላቅሎ ጡት ለሚያስጥሉ ልጆች የተዘጋጀ ዱቄት። ስሙን ያወጣለት ሰው ጎበዝ ነው፣ «ፋፋ» ከማለት የተሻለ ምርቃት የለም። ሐሳቡም ከአያቶቻችን ሩቅ አልነበረም። እህልና ጥራጥሬ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ እናት ውኃ አፍልታ ብቻ የምታደርሰው።

ከዚያ የረሃቡ ዘመን መጣ፣ 1966፣ 1977። ወሎን ብቻ አትዩ፤ ጋይንትና ስማዳም እህል አጥተው ያዩ አገሮች ናቸው። ፋሚክስ የሚባለውን የበቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት የኛ ሰፈር ሰው የሚያውቀው ከዕርዳታ መጋዘን ነው። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ይታደላል። እውነቱን ስንናገር ቤት ሲደርስ ለሁሉም ይገነፋል፤ የተራበ ቤት ውስጥ እናት ብቻዋን ድስት ጥዳ አትበላም። በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተሸፈኑት ወረዳዎች ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኙበታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ከድንጋይ ማዞርና ከእርከን ሥራው ወጥታ ድጋፉን እንድታገኝ መደረጉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መንግሥት ሳያውቀው የአራስ ቤትን ሕግ በወረቀት ጻፈ ማለት ነው። የጎረቤትን ሁለት እጅ ግን ወረቀት አይተካውም።

ይህን ቀድመው የገባቸው ጤና ጣቢያዎቹ ይመስሉኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ከ1995 ጀምሮ በየቀበሌው ሲገባ ሴቶች ለክትትል መምጣት ጀመሩ፤ ለመውለድ ግን ቤታቸውን መረጡ። ለምን ሲባል መልሱ መድኃኒት አልነበረም። «እዚያ ማን ገንፎ ያደርግልኛል? ማን እልል ይልልኛል? ቡና የት ይፈላል?» ነበር። ከስማዳ ቆላ፣ ከአባይና ከበሽሎ ገደል አፋፍ ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ለሚወጣ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከጊዜ በኋላ በብዙ የአማራ ክልል ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠራ፣ ማብሰያ ተዘጋጀ፣ ገንፎው እዚያው መገንፋት ጀመረ። እህሉንና ቅቤውን የሚያዋጣው የአካባቢው ሕዝብ ነው። አንዳንድ ባለሙያ ይህን «ማባበያ» ሲለው ሰምቼ ተናድጃለሁ። ማባበያ አይደለም፣ የሕክምናው ግማሽ ነው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማቱ ተዘረፉ። ሰው የሚያወራው ስለ መድኃኒቱና ስለ አልጋው ነው፤ እኔ ድስቱንና ማማሰያውንም እቆጥራለሁ።

አሁን ወደ ከተማ እንምጣ፣ ተማሪዬ ወዳለችበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለወላድ የሰጠው 90 ቀን ነበር። አዋጅ 1156/2011 ወደ 120 አሳደገው፣ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 በኋላ። ለአባት 3 ቀን። ሐኪሙ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል፣ ሕጉ ሦስት ወር ይላል፤ የቀረውን ሂሳብ እናትየዋ ራሷ ታወራርድ። አባት በ3 ቀን ውስጥ ገንፎ መገንፋት ይለማመድ ይሆናል!

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት አለ፣ ግን በር ይዘጋል። እድር አለን፤ ድንኳን፣ ድስት፣ ትሪ፣ ወንበር አለው፣ ሰው ሲሞት የሚያበስሉ ሴቶች ተራ አላቸው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ በየከተማው የተስፋፋው ይህ ማኅበር ከገጠሩ የመረዳዳት ወግ የሞቱን በኩል በደንብ ይዞ መጣ። የልደቱን ግን ይዞ አልመጣም። የምናውቀው እድር አንድ ድስት ለአራስ ቤት ሲያውስ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ደስ ይለኛል።

ለተማሪዬ የነገርኳት ይኼን ነው። የምታጠባ ሴት ከወትሮዋ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ ያ ማለት አንድ ደህና ቁርስ እንደገና መብላት ነው። በሶ ቤትሽ ይኑር፣ እሳት አያስፈልገውም፤ በማር ወይ በቅቤ አሽተሽ ጭብጦውን ከአልጋሽ አጠገብ አኑሪ። (ማሩ ላንቺ ነው፣ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ማር አይቅመስ።) ባልሽ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አጥሚቱን አፍልቶ በፔርሙዝ ይሙላው። ፔርሙዝ ለእኔ የሴቶች ታሪክ ውስጥ መግባት ያለበት ዕቃ ነው፤ የሌሊቱን እሳት ከአራስ ቤት ያስቀረ እሱ ነው። እንቁላል ቀቅለሽ አስቀምጪ። ድንችም አትናቂ። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1858 አገራችን ካስገባው ወዲህ ደጋውን ስንቴ አትርፏል፤ ከነልጣጩ ቀቅለሽ በሽሮ ብትበዪው ሆድ ይይዛል። አብሹ ምሬቱ እንዲወጣ ውኃውን እየቀያየርሽ ዘፍዝፊው፤ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ሐኪም ጠይቂ። ወተት የሚያመጣው ደግሞ ከሁሉ በፊት የልጁ መጥባት ነው። አብሽ ያግዝ ይሆናል፤ ያልጠባ ጡት ግን በአብሽ አይሞላም። ውኃ ጠጪ። ክርስትናው ካለፈ በኋላ ጾም ሲገባ ዝም ብለሽ አትጀምሪ፣ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። እጹማለሁ ካልሽም ተልባና ሱፍ፣ ምስርና ሽምብራ ሳይጠፋ፣ ቁርስ ሳይቀር ይሁን።

እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቂት ዓመት ሆነን፣ አንዲት መምህርት ስትወልድ ስም ዝርዝር እንይዛለን። በየቀኑ አንድ ሰው ተራ ይወስድና ፔርሙዝ ሞልቶ ወይም ድስት ይዞ ይሄዳል። ወንዶቹ መጀመሪያ ላይ «እኛ ብር እናዋጣ» ብለው ነበር፤ እምቢ አልን። የፊዚክስ መምህራችን ተራው ሲደርስ እሳት የማይፈልግ ብሎ አስልቶ ጭብጦ በማር ጨብጦ መጣ። ትንሽ ደርቆ ነበር። አራሷ ግን በልታ ጨረሰችው።