ያልቀረበው ምስክር

እ.ኤ.አ. በ1603 እንግሊዛዊው ሰር ዋልተር ራሌይ በንጉሡ ላይ አሲሯል ተብሎ ዊንቸስተር ላይ ለፍርድ ቀረበ። ዋናው ማስረጃ ወዳጁ ሎርድ ኮብሃም በምርመራ የሰጠው ቃል ነበር። ቃሉ ተነበበ፤ ኮብሃም ግን አልቀረበም። ራሌይ ከሳሹ ፊት ለፊቱ ቆሞ እንዲናገር ደጋግሞ ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም። ሞት ተፈረደበት፤ በ1618ም አንገቱ ተቀላ።

ሕግ አዋቂዎች ይህን ዓይነቱን ማስረጃ የስሚ ስሚ ይሉታል። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ወረቀት መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስድስተኛ ማሻሻያም ተከሳሽ ከሚመሰክሩበት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት የመገናኘት መብት ሰጠው።

ሆኖም በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በር ከፈተ፤ ምስክሩ ሊገኝ ካልቻለ፣ ዳኛው "አስተማማኝ ነው" ያለው ቃል ሊቀርብ ይችላል አለ። የዚህ መለኪያ ድክመት በዋሽንግተን ግዛት በታየ አንድ የአካል ጉዳት ክስ ተጋለጠ። በ1999 አንድ ባል ሚስቴን ሊደፍር ሞክሯል ያለውን ሰው በስለት ወጋ። በግዛቱ ሕግ መሠረት ሚስቲቱ ያለ ባሏ ፈቃድ ልትመሰክር ስለማትችል፣ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል በቴፕ ተሰማ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቴፑን አይታመንም አለ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንኑ ቴፕ ይታመናል አለ። በ2004 በክራውፎርድ ስም በሚታወቀው ውሳኔ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ የራሌይን ታሪክ አነሡ። ለምስክርነት የተሰጠ ቃል የሚቀርበው ምስክሩ የማይገኝ ሲሆንና ተከሳሹ ቀድሞ ሊጠይቀው ዕድል አግኝቶ ከነበረ ብቻ ነው ተባለ።

ፈተናው ወዲያው መጣ። በ2006 ፍርድ ቤቱ የሁለት ተደብዳቢ ሴቶችን ቃል መረመረ፤ ሁለቱም ችሎት አልቀረቡም። አንደኛዋ ጥቃቱ ሲፈጸምባት ወደ 911 ደውላ የተናገረችው እርዳታ ፍለጋ ነው ተብሎ ተቀባይነት አገኘ። ሌላዋ ጠቡ ከበረደ በኋላ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ግን ምስክርነት ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። ምስክሯ እንዳትቀርብ ያደረገ ተከሳሽ መብቱን ያጣል ቢባልም፣ በ2008 ፍርድ ቤቱ ይህ የሚሠራው ተከሳሹ ይህንኑ ሆን ብሎ ካደረገ ነው ሲል አጠበበው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በቀዳሚ ምርመራ ቃሉን የሰጠ ምስክር ቢሞት፣ ቢያብድ፣ ቢጠፋ፣ በጠና ቢታመም ወይም ከአገር ቢወጣ ቃሉ እንዲነበብ ፈቅዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ የሚመሰክሩበትን የመጠየቅ መብት አለው ይላል።

የራሌይን ምስክር ያስቀረው መንግሥት ነበር። በቤት ውስጥ ድብደባ ክስ ግን ምስክሯን ብዙ ጊዜ የሚያስቀራት ፍርሃት ነው፤ የምትፈራውም ያንኑ ተከሳሽ ነው። ለእስረኛው የተሠራው ጋሻ እርሷን ያለ ድምፅ እንዳያስቀር ማድረግ እስከ ዛሬ ያልተፈታ የዳኝነት ሥራ ነው።