«ተፈጥሯዊ» ተብለው የሚሸጡ መድኃኒቶች፦ በቦንጋና በካፋ ዞን ለሚገኙ ተገልጋዮች የቀረበ መረጃ

የካፋ ዞን በጫካ ቡናው፣ በደን ማሩ፣ በኮረሪማውና በጥምዙ የሚታወቅ አካባቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ይህ መልካም ስም ለአካባቢው አርሶ አደርና ንብ አናቢ የገቢ ምንጭ ነው። ይሁንና «ከደን የተገኘ»፣ «ንጹሕ ተፈጥሯዊ»፣ «ጎን ለጎን የሚያደርሰው ጉዳት የሌለው» የሚሉ አገላለጾች የፈውስ ዋስትና ተደርገው በገበያና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች ሲቀርቡ ይስተዋላል።

ይህ ጽሑፍ በቦንጋ ከተማና በዞኑ ወረዳዎች የሚገኙ ተገልጋዮች እንዲህ ያሉ ምርቶችን ከመግዛታቸውና ከመጠቀማቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል። አንድ መድኃኒት የሚመዘነው ከደን ወይም ከፋብሪካ በመገኘቱ አይደለም። የሚመዘነው ፈዋሽነቱ በምርምር በመረጋገጡ፣ ይዘቱና መጠኑ በመታወቁ እንዲሁም ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂ የሚሆን አካል በመኖሩ ነው።

ሊለዩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው የባህል ሕክምና ነው። የባህል ሕክምና ዐዋቂዎች ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ዕውቀት አላቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲም የባህል ሕክምና ጠቃሚ ጎኖች በምርምር እየተለዩ እንዲጎለብቱና ደረጃ በደረጃ ከዘመናዊው ሕክምና ጋር እንዲቀናጁ ያመለክታል። የሕዝቡ ዕውቀት ክብር ያለው ሀብት ነው፤ ክብሩ ግን ከምርመራ ነጻ አያደርገውም።

ሁለተኛው ታሽጎ፣ ስም ወጥቶለትና ማስታወቂያ ተሠርቶለት የሚሸጥ የዕፅዋት ዱቄት፣ ዘይት፣ ቅባት ወይም ፈሳሽ ነው። ሻጩ ዕውቀቱን በጉርብትና ከሚታወቅ የአካባቢ ዐዋቂ የወረሰ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም ገዢው ሻጩን አያውቀውም፤ ሻጩም የሕመምተኛውን ሁኔታ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ሆሚዮፓቲ የሚባለው አሠራር ነው። ሳሙኤል ሐነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1796 ያቀረበው ሐሳብ ሲሆን፣ ብዙ ሰዎች ከዕፅዋት መድኃኒት ጋር ያምታቱታል። በአሠራሩ መሠረት የመድኃኒቱ አንድ ጠብታ ከ99 የውኃ ወይም የአልኮል ጠብታ ጋር ይደባለቃል፤ ከድብልቁ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99 ጠብታ ይቀጥናል፤ ይህም ይደጋገማል። ማቅጠኑ 12 ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ከመነሻው ንጥረ ነገር አንዲት ቅንጣት እንኳ የመቅረት ዕድሏ እጅግ አነስተኛ ይሆናል። ለሽያጭ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ደግሞ 30 ጊዜ የቀጠኑ ናቸው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ሆሚዮፓቲ ውጤታማ ስለመሆኑ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም የጤና ችግር እንደሌለ ገልጿል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 ሐኪሞች ሆሚዮፓቲን ማዘዝ እንዲያቆሙ መክሯል፤ ፈረንሳይም ከ2021 ጀምሮ ወጪውን ከመድህን መሸፈን አቁማለች።

ከዕፅዋት የተገኘ መድኃኒት እንዴት ይረጋገጣል?

ዘመናዊው ሕክምና ዕፅዋትን አይንቅም። ዛሬ በጤና ተቋማት ለወባ የሚሰጠው ኳርተም የያዘው አርቴሜተር የሚዘጋጀው አርቴሚሲያ አኑዋ ከተባለ ዕፅ ከሚወጣ ንጥረ ነገር ነው። ንጥረ ነገሩን ከዕፁ ለይተው ያወጡት ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የዚሁ ዕፅ ቅጠል በሻይ መልክም ሆነ በዱቄት ለወባ መከላከያና ሕክምና እንዲውል አይደግፍም። ምክንያቱም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር መጠን ከቦታ ቦታና ከምርት ምርት ይለያያል፤ መጠኑ ሲያንስም በሽታው ያገረሻል፤ ተሕዋስያኑም መድኃኒቱን ሊላመዱ ይችላሉ። ዕፁ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን መድኃኒት ያደረገው፣ ሌላውን ያላደረገው መለካቱና መፈተሹ ነው።

ኮሶ ሌላው ምሳሌ ነው። የኮሶ አበባ ለኮሶ ትል መድኃኒትነት በአገራችን ለዘመናት አገልግሏል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ወደ አውሮፓ ተልኮ ጥቅም ላይ ውሏል። ስለዚህ የሚሠራ መድኃኒት ነበር። ችግሩ መጠኑ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይለያል፤ ሲቆይም ኃይሉ ይቀንሳል። ሲበዛ ከባድ ማስታወክና መዝለፍለፍ ያስከትላል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትም አደገኛ ነው። ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉት መድኃኒቶች በታወቀ መጠን ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ጉዳት ይሠራሉ።

የእንዶድም ታሪክ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከዚያም ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት የዓመታት ምርምር እንዶድ የብልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አረጋገጡ። ጥቅሙ የታወቀው ለየትኛው ሥራ፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ተለይቶ ነው። ይኸው እንዶድ በሰው ቢጠጣ ግን መርዛማ ነው።

ያልተረጋገጠ መድኃኒት የሠራ የሚመስለው ለምንድን ነው?

«እኔ ተጠቅሜው ድኛለሁ» የሚለው ምስክርነት ከማናቸውም ማስታወቂያ የበለጠ ያሳምናል። ተናጋሪው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መዳኑ ግን በመድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ሕመሞች ሰውነት በራሱ ጊዜ የሚያሸንፋቸው ናቸው። በከንፈር ላይ የሚወጣው «ምች» ዳማከሴ ቢቀባም ባይቀባም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። በሕዝቡ ዘንድ «የወፍ በሽታ» ከሚባለው ሕመም መንስኤዎች አንዱ የሆነው የጉበት ብግነት «ቢ» ቫይረስ፣ በአዋቂነት ዕድሜ የተያዙትን አብዛኞቹን ሰዎች ያለ መድኃኒት ይለቃል። በሽታው በሰውነታቸው የሚቀር ሰዎች ግን የምርመራ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። ይህም በዓይን መቅላት ወይም ቢጫ መሆን ብቻ አይታወቅም።

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የጨጓራ ሕመምና አስም ደግሞ የሚመላለሱ ናቸው። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ ሲበረታ ነው፤ ሕመሙ በተፈጥሮው ሲቀዘቅዝ ምስጋናው በወቅቱ ለተወሰደው ነገር ይሰጣል። በተጨማሪም የዳነው ይመሰክራል፤ ያልዳነው ዝም ይላል፤ የሞተው አይናገርም። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎችን ካልወሰዱ ተመሳሳይ ሰዎች ጋር የሚያነጻጽሩት።

የሚያስከትሏቸው ጉዳቶች

ትልቁ ጉዳት የጊዜ መባከን ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ እንስሳ የነከሰው ሰው ሥር እየጠጣ ቀናት ካሳለፈና የበሽታው ምልክት ከታየበት በኋላ የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው። ከምልክቱ በፊት የሚሰጥ ክትባት ግን ሕይወትን ያድናል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በዞኑ ቆላማ ቀበሌዎች ትኩሳት የያዘው ሕፃንም በቶሎ የወባ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል፤ ከባድ ወባ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው የታዘዘ መድኃኒትን ማቋረጥ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በዕፅዋት ፈሳሽ ተማምኖ ኢንሱሊኑን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ለሞት በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት ማቆም ለስትሮክ ያጋልጣል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ማቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል።

ሦስተኛው በመለያው ላይ ያልተጻፈ ይዘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለወንዶች ስንፈተ ወሲብ በሚል በማር መልክ ታሽገው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ በመለያው ያልተጠቀሱ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል የተባሉ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ መድኃኒቶችን አግኝቶ ለአራት ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ናይትሬት የተባለ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን ሳያውቅ ቢወስድ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። «ማር ብቻ ነው» ብሎ የገዛ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለ ማር በተለይ

የካፋ ማር ምግብ ነው፤ ጥሩ ምግብ ነው። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በላይ የሆኑ ልጆችን ሳል በመጠኑ እንደሚያስታግስ ጥናቶች አሳይተዋል። ከዚህ አልፎ ስኳርን፣ ካንሰርን ወይም የጉበት በሽታን ይፈውሳል የሚለው ማስታወቂያ ማስረጃ የለውም። ከማር ክብደት አብዛኛው ስኳር በመሆኑ የስኳር ሕመምተኛውን የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር በጭራሽ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል የባክቴሪያ ዘር ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ያስከትላልና። ይህ ስለ ማሩ ጥራት የሚነገር ነቀፌታ አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ቢሆን ያው ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ማጣራት

ተገልጋዮች የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲመለከቱ ይመከራል፦

1. ምርቱ በመድኃኒትነት ተመዝግቧል? የንግድ ፈቃድ መኖር የመድኃኒት ምዝገባ ማስረጃ አይደለም። «ኦርጋኒክ» የሚለው ምስክር ወረቀትም ሰብሉ እንዴት እንደተመረተ እንጂ በሽታ ማዳኑን አያሳይም።

2. በማሸጊያው ላይ ሙሉ ይዘቱ፣ መጠኑ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን እንዲሁም የአምራቹ ስምና አድራሻ ተጽፏል?

3. አንድ ምርት ብዙ የማይዛመዱ በሽታዎችን ይፈውሳል ተብሏል? ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ኪንታሮትንና ካንሰርን በአንድ ጠርሙስ አድናለሁ የሚል አቅራቢ ጥርጣሬን ሊያሳድር ይገባል።

4. ሻጩ የሐኪም መድኃኒት እንዲቆም ወይም ለሐኪም እንዳይነገር ይመክራል? እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጥ ግዢውን መተው ተገቢ ነው።

5. ተጠቃሚዋ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ናት? ጤና አዳምን ጨምሮ በቡና ላይ በጥቂቱ የሚጨመሩ ዕፅዋት በመድኃኒት መልክ በብዛት ሲወሰዱ ለፅንስ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

የባህል መድኃኒት የወሰደ ሰው ይህንኑ ለጤና ባለሙያ መናገር ይኖርበታል። ባለሙያው የሚጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን መድኃኒቶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ለመጠንቀቅ ነው። የተረፈውን ዱቄት ወይም ጠርሙስ ይዞ መምጣትም ሕክምናውን ያግዛል።

አገልግሎትና ጥቆማ

የመጀመሪያው ደጃፍ በየቀበሌው የሚገኘው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የወባ ምርመራና ሕክምና ይሰጣሉ፤ እንደ ሁኔታውም ወደ ጤና ጣቢያና በቦንጋ ወደሚገኘው ገብረጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል ይልካሉ። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ቤተሰብ ደግሞ በሌሎች ሕክምናዎች ሲታመም ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንስለታል፤ ላልተረጋገጠ ጠርሙስ የሚወጣው ወጪ ግን በመድህን አይሸፈንም።

የመድኃኒትን ደኅንነት፣ ፈዋሽነትና ጥራት የመቆጣጠር ኃላፊነት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለ አንድ ምርት ምዝገባ ለመጠየቅ፣ በምርቱ የደረሰ ጉዳትን ለማሳወቅ ወይም አሳሳች ማስታወቂያን ለመጠቆም በባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር 8482 መደወል ይቻላል። የጤና ሚኒስቴር ነጻ መስመር 952 ነው። በሚጠቆምበት ጊዜ የምርቱ ስም፣ የተገዛበት ቦታና ቀን እንዲሁም ከተቻለ የማሸጊያው ፎቶግራፍ ቢቀርብ ለማጣራት ይረዳል። ጉዳት የደረሰበት ሰው ግን ከጥቆማው በፊት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።