ኖይዝ
ኖይዝ፦ ከዜማና ከምት ይልቅ ጩኸቱ፣ ጉርምርምታውና ፉጨቱ ራሱ ዋና ጉዳይ የሆነበት የሙከራ ሙዚቃ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ሩሶሎ እ.ኤ.አ. በ1913 «የጫጫታ ጥበብ» የተሰኘ መግለጫ ጽፎ፣ የሚያጓሩና የሚያፏጩ ባለ ሣጥን መሣሪያዎች ሠራ። ጃፓናዊው ማሳሚ አኪታ ደግሞ መርዝባው በሚል ስም ዘርፉን ጥግ አደረሰው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን «ፐልስ ዲመን» አልበሙን መጀመሪያ ስሰማ፣ ጆሮዬን የሞላው እንደ ወፍጮ ቤት የሚያደነቁር ድምፅ ነበር። ታግሼ ስቆይ ግን ንብርብሩ ይለይልኝ ጀመር፤ ከታች ወፍራም እርግብግብታ፣ ከላይ የብረት ፍጭት የመሰለ ቀጭን ድምፅ። ያኔ ወደድኩት። ስለዚህ ኖይዝን «የተበላሸ ሙዚቃ» ብሎ መፍታት አይበቃም፤ ማዳመጥን እንደ አዲስ የሚያስተምር ሙዚቃ ነው። ለጀማሪ ምክሬ፦ ድምፁን ቀነስ አድርጉና ከንብርብሩ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት።