ቁልፏን ወደ ላይ ማን አወጣት?

በየዓመቱ ጁን 23 የጽሕፈት መኪና ቀን እየተባለ ይታሰባል። ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሚልዋኪ ከተማ ለሠራው መኪና የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1868 በዚሁ ዕለት ነበር። ሾልስ አታሚና ጋዜጠኛ ነው፤ በዊስኮንሲን ምክር ቤት ተቀምጦም የሞት ቅጣት እንዲቀር ከተከራከሩት ግንባር ቀደሙ ሲሆን፣ ግዛቲቱ ቅጣቱን በ1853 ሽራዋለች። ይህን ሁሉ ሌሎች በሰፊው ጽፈውታል። እኔን የሚያጓጓኝ ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት ውስጥ ፊደላቱ ቦታ የተለዋወጡበት ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው መኪና ቁልፎች እንደ ፒያኖ የተደረደሩ ነበሩ። ገንዘቡን ያቀረበው ጄምስ ዴንስሞር የሚባል ጯሂና ደፋር ሰው ሲሆን፣ ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ እስከዚያ የወጣውን 600 ዶላር ከፍሎ አንድ አራተኛ ድርሻ ገዛ። ኋላ ሲያየው የአሠራሩን ሐሳብ ከማሳየት በቀር ለምንም እንደማይረባ ፊት ለፊት ተናገረ። እጁን ግን አላነሳም። መኪናዎችን እያሠራ ብዙ ለሚጽፉ ሰዎች ይልክ ጀመር። ከነዚህ አንዱ የዋሽንግተኑ የችሎት ጸሐፊ ጄምስ ክሌፈን ነበር። የተላከለትን ሁሉ እየሰባበረ የወቀሳ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሾልስ ይማረራል፤ ዴንስሞር ደግሞ «የምንፈልገው ይህንኑ ነው» ብሎ ሌላ ያሠራል።

ሁላችንም የሰማነው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ፊደል የሚመቱት ዘንጎች ቶሎ ቶሎ ሲነኩ እርስ በርስ ይጠላለፉ ስለነበር፣ ሾልስ አዘውትረው የሚከታተሉ ፊደላትን አራራቃቸው፤ እንዲያውም ጸሐፊው እጁ እንዲዘገይ ሆን ብሎ አወሳሰበው። ዘንጎቹ መጠላለፋቸው እውነት ነው። የቀረው ላይ ግን ጥያቄ አለ። በእንግሊዝኛ እጅግ ከሚዘወተሩት ጥንዶች መካከል «ኢ» እና «ር» ይገኛሉ። (ይህችኛዋን በእንግሊዝኛ ስሟ ብጽፋት አንባቢ ስለሚስቅብኝ በድምፅዋ እጠራታለሁ።) ሁለቱ ዛሬ ጎን ለጎን ናቸው።

የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮይቺና ሞቶኮ ያሱኦካ በ2011 ባወጡት ጥናት ሌላ መንገድ ያሳያሉ። ከቀደምቶቹ ተጠቃሚዎች አንዱ በቺካጎ የቴሌግራፍ ትምህርት ቤት የነበረው ኤድዋርድ ፖርተር ነው። የቴሌግራፍ ሠራተኞች የሞርስ ምልክት እየሰሙ ወዲያው በመኪናው ይጽፋሉ። በአሜሪካው ሞርስ «ዜድ» ሦስት ነጥብ፣ ትንሽ ፋታ፣ ከዚያ አንድ ነጥብ ነው። «ኤስ» ሦስት ነጥብ፣ «ኢ» ደግሞ አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ሰሚው «ዜድ» ይሁን ወይስ «ኤስ» እና «ኢ» ተከታትለው የመጡ ቀጣዩ ፊደል እስኪደርስ መለየት ያቅተዋል፤ ጣቱ ሦስቱም አጠገብ መቆየት ነበረበት። ዛሬም ኪቦርዳችሁን ብታዩ ሦስቱ ተቀራርበው ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ይህን ማስረጃ ከመጠላለፉ ተረት አስበልጣለሁ።

አሁን ወደ «ር» ልመለስ። በ1872 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ በወጣው ሥዕል፣ ዛሬ «ር» ባለችበት በ«ኢ» እና በ«ቲ» መካከል የተቀመጠችው አራት ነጥብ ሆና የምታገለግለን ያቺ ትንሽ ነጥብ ነበረች። «ር» በታችኛው ረድፍ የቀኝ ጫፍ ላይ ተጥላለች። መብቱ በ1873 ለጠመንጃ ሠሪው ሬሚንግተን ተላልፎ መኪናው በ1874 በ125 ዶላር ገበያ ሲወጣ ግን ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል። የሻጮች ወግ ምክንያቱን ያሳምረዋል፦ ሻጩ «ታይፕ ራይተር» የሚለውን ስም ከአንድ ረድፍ ጻፍ አድርጎ ገዢውን እንዲያስደንቅ ነው ይላል። ወጉን ማራኪ የሚያደርገው፣ በ1872ቱ ሥዕል ላይ ከ«ር» በቀር የስሙ ፊደላት በሙሉ በዚያ ረድፍ መገኘታቸው ነው። ቢሆንም ነጥብ በዓረፍተ ነገር አንዴ ትመጣለች፣ «ር» ግን በየቃሉ ናት። ቀኑን ሙሉ እየጻፈ ጣቱን ወደ ታችኛው ጥግ የሚዘረጋ ሰው ማማረሩ አይቀርም፤ ዴንስሞርም የሚያማርሩትን ፈልጎ ያስፈትን ነበር። የመጠላለፉን ታሪክ የሚደግፉት ቁልፍና ቁልፍ መጎራበት ዘንግና ዘንግን አያጎራብትም ይላሉ፤ ረድፉ አራት ስለሆነ ይህ ትክክል ነው። ያ ግን «ር» ለምን እንደወጣች አይመልስም።

ከዚያ ወዲህ ያለው በአጭሩ፦ ኦገስት ድቮራክና ዊልያም ዲሊ በ1936 ሌላ አደራደር አስመዘገቡ፤ በ1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፈትኖ አመሰገነው፤ በ1956 ኤርል ስትሮንግ ለመንግሥት ባደረገው ጥናት ሠራተኛን ዳግም ማሠልጠኑ እንደማያዋጣ ደመደመ። የኢኮኖሚ ምሁራንም ተነታርከውበታል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢንጂነር አያና ብሩ የውጭውን የጽሕፈት መኪና ለፊደላችን እንዲስማማ ቀይረዋል። ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር ብዙዎቻችን በላቲን ድምፅ እየነካን ስለምንጽፍ፣ ሬሚንግተን የተወልን አደራደር ላይ ነን። ቁልፍ ማዛወሩ ግን አልቆመም፤ በየአገሩ አነስ ያሉ ሜካኒካል ኪቦርዶችን ፈታትተው የሚያሻሽሉ ወጣቶች በዝተዋል። ስልሳ አንድ ያህል ቁልፍ ያለውን ገዝተው፣ ረጅሙን ጠፍጣፋ «ኢንተር» አውጥተው የአውሮፓውን ቁመታም ማስገባት፣ የግራውን «ሺፍት» አሳጥሮ አንድ ቁልፍ መጨመር ይወዳሉ። ሬሚንግተን አንዲት ፊደል ለማዛወር ብረት መንካት ነበረበት፤ አሁን ፊደሉ በሶፍትዌር በደቂቃ ይቀየራል። የሚያስቸግረው ቁልፉ ራሱ ነው፦ ከሥር ያለው ቦርድ አስቀድሞ ቀዳዳው ከሌለው፣ ሶልደር ይዞ መቀመጥ ብቻውን አያደርሰውም።