«ኦሊዮ ከኦሊዮ አይቀላቀልም»፦ የአንድ ማስጠንቀቂያ ታሪክ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያቀና ሾፌር ጉዞውን የሚጀምረው ከፎገራ ሜዳ ጫፍ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከሆነ ስፍራ ነው። ደብረ ታቦርን አልፎ፥ የጉናን ተራራ ትከሻ ታክኮ፥ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። በዚያ ቍር ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የኦሊዮ መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ቢያይና ልኩ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ ቢያገኘው፥ በመንገድ ዳር ሱቅ ያለውም ኦሊዮ በሞተሩ ውስጥ ካለው የተለየ ቢሆን ምን ያድርግ? በሞተሩ ያለው ሰው ሠራሽ ዘይት ነው፤ በሱቁ ያለው ደግሞ ከድፍድፍ የተጣራ ተራ ዘይት ነው። በጋራዥም ሆነ በመናኸሪያ «ኦሊዮ ከኦሊዮ አይቀላቀልም» የሚለው ቃል ዘወትር ስለሚሰማ፥ ጎዶሎውን እንደያዘ ዳገቱን መውጣት የሚመርጥ ሾፌር አይጠፋም። የዚህ ምርጫ ዋጋ ሞተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ ማስጠንቀቂያ ከየት እንደመጣ፥ በየትኛው ዘመን እውነት እንደነበረ፥ ዛሬስ ምን ያህሉ እንደቀረ መመርመር ተገቢ ነው።

ጋይንት ከመንኰራኵር ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ሲነሡ፥ በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በዚሁ አገር በኩል መንገድ እያስጠረጉ አስጐትተው በመጋቢት ወር መቅደላ አድርሰውታል። የዚያ ጕዞ ኃይል የሰው ክንድ ነበርና ሞተርም የሞተር ዘይትም አልጠየቀም። ሞተር ወደ አገራችን የገባው ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ በደረሱ ጊዜ ነው። ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጐበኙ በኋላ በቻይና ርዳታ የተሠራ ነው። መንገዱ ሲከፈት የጋይንት ዳገት ለናፍጣ ሞተር የዕለት ፈተና ሆነ፤ የኦሊዮም ጉዳይ ከከተማ ጋራዥ ወጥቶ የገጠር ከተሞች ጉዳይ ሆነ።

ማስጠንቀቂያው ግን ከመንገዱ ይልቅ እጅግ የቆየ ነው። የመጀመሪያው መነሻ በየጓሮው የሚበቅለው ጉሎ ነው። በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ ከማዕድን የተጣራው ዘይት የፈጣን ሞተርን ሙቀት በሚገባ አይቋቋምም ነበርና፥ የእሽቅድምድም መኪና ነጂዎችና አብራሪዎች የጉሎ ዘይትን ይመርጡ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉት የኖምና የለ ሮን የአውሮፕላን ሞተሮች በጉሎ ዘይት ይሠሩ እንደነበር ይታወቃል፤ ምክንያቱም ቤንዚን ተራውን ዘይት ሲያሟሟ የጉሎን ዘይት ግን በቀላሉ አያሟሟውም። የእንግሊዙ ቻርልስ ዌክፊልድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1909 ለአዲሱ ዘይቱ «ካስትሮል» የሚል ስም ያወጣለት፥ በእንግሊዝኛ «ካስተር» ከሚባለው ከዚሁ ከጉሎ ወስዶ ነው።

ነገር ግን የጉሎ ዘይት ሞለኪውል ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት ቅርንጫፍ ስላለው ከማዕድን ዘይት ጋር በሚገባ አይዋሐድም። ሁለቱ በአንድ ሞተር ውስጥ ቢደባለቁ ይለያያሉ፤ ጉሎውም ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በዚያን ዘመን «አይቀላቀልም» ያለ መካኒክ ፍጹም እውነት ተናግሯል።

ሁለተኛው መነሻ አጣቢው ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የናፍጣ ሞተር በትራክተርና በመንገድ መሥሪያ መኪና ላይ ሲስፋፋ የፒስቶን ቀለበቶች በጥላሸት እየተጣበቁ አስቸገሩ። የካተርፒላር ኩባንያና የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል መላ ፈልገው፥ ጥላሸቱን እያጠበ በውስጡ አንጠልጥሎ የሚይዝ ኬሚካላዊ ቅመም ያለው ዘይት እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ አቀረቡ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ መዘዝም ነበረው። ለዓመታት ቅመም በሌለው ዘይት ሲሠራ ቆይቶ በሆዱ እንደ ጠላ አተላ ዝቃጭ ያከማቸ አሮጌ ሞተር በድንገት አጣቢ ዘይት ሲጨመርበት ዝቃጩ ይነቀልና ፊልትሮውንና ቀጫጭኖቹን የዘይት መተላለፊያዎች ይደፍናል። ዘይት ያልደረሰው ብረትም ይነክሳል። ስለዚህ በዚህም ዘመን አዲሱን በአሮጌው ላይ ያለ ጥንቃቄ መጨመር አደገኛ ነበር፤ ጥፋቱን ያዩ መካኒኮችም ትምህርቱን ለተማሪዎቻቸው አስተላለፉት።

ሦስተኛው መነሻ ሰው ሠራሽ ዘይት ራሱ ነው። በጀርመን የኢ.ጌ. ፋርበን ኬሚስት ኸርማን ጾርን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኤስተር ከተባሉ ውህዶች ዘይት ለመሥራት ተመራመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ድፍድፍ ያጠራት ጀርመን በብርድ የማይረጋ ዘይት ስላስፈለጋት በሰው ሠራሽ ዘይት ተጠቀመች። ከጦርነቱ በኋላ ይህን ዘይት በሰፊው የፈለገው የጄት አውሮፕላን ነበር፤ ተራው ዘይት በተርባይኑ ሙቀት ከስሎ ከሰል ይሆናልና።

በአገራችን የዚህ ታሪክ ግልጽ ምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ድርጅቱ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች የፒስቶን ሞተር ያላቸው ነበሩ፤ በ1955 ዓ.ም. የገቡት ቦይንግ 720 ቢ ጄቶች ግን የኤስተር ዘይት የሚሹ ነበሩ። የፒስቶኑን ዘይት ከተርባይኑ ዘይት ጋር ማደባለቅ በአቪዬሽን ሥርዓት ክልክል ነው። ሰው ሠራሽ ዘይት ለተራ መኪና በብዛት የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው፤ አምስኦይል እ.ኤ.አ. በ1972፥ ሞቢል 1 ደግሞ በ1974 ለገበያ ወጡ። ከመጀመሪያዎቹ ሰው ሠራሽ ዘይቶች አንዳንዶቹ የዘመኑን የላስቲክ ጓርኒሲዮን የሚያኰማትሩ፥ ሌሎቹም የሚያሳብጡ ስለነበሩ ሞተሩ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምር ነበር። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ለሦስተኛ ጊዜ ምክንያት አገኘ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው? አንደኛ፥ የዘይቱ ሥሪት ተለወጠ። በዛሬ ሰው ሠራሽ የሞተር ዘይቶች ውስጥ የሚበዛው መነሻ ዘይት እንደ ተራው ዘይት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ስለሆነ፥ ከተራው ጋር በቀላሉ ይዋሐዳል። እንዲያውም በገበያ «ሰው ሠራሽ» ከሚባሉት ብዙዎቹ የሚገኙት ከዚያው ከድፍድፍ ነው፤ በከፍተኛ ግፊትና በሃይድሮጅን ደጋግመው ስለሚያጠሩት ባሕርዩ ይለወጣል። ይህን ዓይነቱን ዘይት «ሰው ሠራሽ» ብሎ መሸጥ ይገባል አይገባም በሚል በሞቢልና በካስትሮል መካከል የተነሣው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል ለካስትሮል ተፈርዷል። ሁለተኛ፥ የመመስከሪያው ደንብ ተለወጠ። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ዘይትን በውፍረቱ መድቧል፤ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት (ኤ.ፒ.አይ.) ደግሞ ከ1947 ጀምሮ በአገልግሎቱ መድቧል። ዛሬ የኤ.ፒ.አይ. ፈቃድ የሚሰጠው ዘይት ከመፈተኛ ዘይቶች ጋር ተደባልቆ፥ ቀዝቅዞና ሞቆ፥ አለመለያየቱ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ሦስተኛ፥ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሁለቱን ቀላቅለው ይሸጣሉ፤ የፈረንሳዩ ሞቱል ኩባንያ ከፊል ሰው ሠራሽ ዘይት ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር።

ይህ ማለት ግን የፋብሪካው ቅልቅልና የቤቱ ቅልቅል እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ፋብሪካው መነሻ ዘይቶቹን አስቀድሞ ያዋሕድና ለውሕዱ የሚስማማ አንድ የቅመም ስብስብ ይጨምራል። በቤት የሚቀላቅል ሰው ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቅመም ያላቸውን ሁለት ያለቀላቸው ዘይቶች ያገናኛል፤ ድምሩ ከመልካሙ ዘይት በታች ይሆናል። 4 ሊትር በሚይዝ ሞተር ውስጥ ባለ 3 ሊትር ተኩል ሰው ሠራሽ ዘይት ላይ ግማሽ ሊትር ተራ ዘይት ቢጨመር ከስምንት አንዱ እጅ ተራ ሆነ ማለት ነው። ሞተሩ በዚህ አይሞትም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ለሰው ሠራሹ የተፈቀደውን ረጅም ኪሎ ሜትር መጠበቅ ትቶ፥ ለተራው ዘይት በተወሰነው ጊዜ መቀየር ይገባዋል። ለጥቅም ሲባል ውዱን በርካሹ እያበረከቱ መሙላት ደግሞ የውዱን ዋጋ ከፍሎ የርካሹን አገልግሎት ማግኘት ነው።

በእውነት መቀላቀል የሌለባቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው። የፍሬን ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር አይቀላቀልም፤ የካምቢዮ ዘይትም በሞተር ውስጥ ቦታ የለውም። ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይት፥ ምንም ያህል ቢጠለል ወደ ሞተር አይመለስም፤ በጨርቅ የሚቀረው ጉድፍ እንጂ በውስጡ የሟሟው አሲድና የደከመው ቅመም አይደለምና። ምንጩ ከማይታወቅ ጀሪካን የሚቀዳ ኦሊዮም፥ ተራ ተባለ ሰው ሠራሽ፥ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል። በጋይንት ብርድ የተለየ ውፍረት ያለው ዘይት መጨመርም ይታሰብበት፤ 15ደብልዩ-40 በሚሻ ሞተር ላይ ነጠላው ቍጥር 50 ቢጨመር ድምሩ ወፍሮ ጠዋት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል።

በዚሁ በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም የታወቀች የድጓ ምስክር ቤት ናት። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን በየአገሩ ሲያዳርስ ይኖርና በመጨረሻ ተፈትኖ ለመመስከር ወደዚያ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው የመሰከረበት ቦታ ነው። ስለ ኦሊዮም የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ከድፍድፍ ተገኘ ወይስ በሰው ተሠራ ከሚለው በፊት፥ ውፍረቱና የአገልግሎት ምልክቱ የሞተሩ ሠራተኛ ካዘዘው ጋር መስማማቱ፥ ጣሳውም እንደታሸገ መሆኑ ይታይ። ይህ ከተሟላ የነፋስ መውጫው ሾፌር ያገኘውን ኦሊዮ እስከ ልኩ ጨምሮ ዳገቱን ይውጣ፤ ሲመለስም ሁሉንም አፍስሶ ከነፊልትሮው ይቀይር። የተቀላቀለ ኦሊዮ ዕድሜው ያጥራል፤ ኦሊዮ ያጣ ሞተር ግን ከዳገቱ አጋማሽ አያልፍም።